በኒው ኦርሊንስ የታሪክ ተመራማሪዎች ጉባኤ መካፈል፦ ከማመልከቻው እስከ መመለሻው

ከውጭ ጉባኤ የተመለሱ ወጣት የታሪክ ተመራማሪዎችን ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጽሑፉ ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀባቸው። ሊያነጋግሩት የጓጉለት ሰው በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። ገንዘቡ በሁለተኛው ቀን ተሟጠጠ። ይህ ሁሉ የሚበላሸው ገና ከአገር ሳይወጡ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ዝግጅት ላይ ያተኩራል።

ምሳሌ ያደረግሁት የአሜሪካን ሂስቶሪካል አሶሴሽንን (የአሜሪካ የታሪክ ተመራማሪዎች ማኅበርን) ዓመታዊ ጉባኤ ነው። በየዓመቱ በጃንዋሪ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአራት ቀን ይካሄዳል፤ ከተማው ይቀያየራል። ኒው ኦርሊንስ በ2013 እና በ2022 አስተናግዳዋለች። ቱሪስት የሚጎርፍባት ከተማ ስለሆነች ተሳታፊ በቀላሉ የሚዘናጋባት እሷ ናት፤ የመረጥኳትም ለዚህ ነው። ሌላ ከተማ ቢደርሳችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ለየት ብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ማመልከቻ (ከአንድ ዓመት በፊት)

1. የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ዛሬውኑ ፈልጉ። ለጃንዋሪ ጉባኤ የሚያመለክቱት ባለፈው ፌብሩዋሪ ነው፤ ለዓመታት ፌብሩዋሪ 15 ወይም በእኛ የካቲት 8 ግድም ሆኖ ቆይቷል። መስከረም ላይ ትዝ ያለው ሰው ለዚያ ዓመት አልፎታል።

2. ብቻችሁን አታመልክቱ። ተቀባይነት የማግኘት ዕድል ያለው ሙሉ ፓናል ነው፦ ሦስት ወይም አራት አቅራቢ፣ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ። አቅራቢዎቹ ሁሉ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አይሁኑ።

3. ርዕሱን ከኢትዮጵያ ውጭ ላለ ሰው በር እንዲከፍት አድርጋችሁ ቅረጹ። «የወሎ የመሬት ይዞታ» ብቻውን ጥቂት ሰው ይስባል። «መሬት፣ ግብር እና መንግሥት» በሚል ፓናል ውስጥ ከህንድና ከሜክሲኮ ጥናት ጎን ሲቀመጥ ግን አዳራሹ ይሞላል። ጥናታችሁ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ጎረቤቱ ነው።

4. ስማችሁን ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ፊደል በፊደል። «ተስፋዬ» በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በግብዣ ደብዳቤው ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ኤምባሲ ውስጥ ጥያቄ ያስነሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የማብቂያው ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። የሰዓት ልዩነቱን ተማምናችሁ የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቁ። መብራትም ኢንተርኔትም የሚጠፋው ያን ቀን ነው። ከሦስት ቀን በፊት ላኩ።

ካልተሳካ፦ ተያያዥ ማኅበራት በዚያው ጉባኤ የራሳቸውን መድረክ ያዘጋጃሉ፤ ማመልከቻውንም ለብቻቸው ይቀበላሉ። ለእነሱ ጻፉ። ጥናትን በትልቅ ወረቀት አትሞ አጠገቡ ቆሞ የማስረዳት፣ የፖስተር አቀራረብም አለ፤ አትናቁት። ፖስተር ጋ የቆመ ሰው ለአንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ያወራል።

ደረጃ 2፦ ቪዛ

አሜሪካ ውስጥ የምትኖሩ ይህን እለፉት። ለአገር ውስጥ በረራ ፓስፖርት ወይም የሥራ ፈቃድ ካርዳችሁን መያዝ ግን አትርሱ። ከአዲስ አበባ፣ ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገራት የምትነሱ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የተቀባይነት ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ለአዘጋጆቹ ጽፋችሁ የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁ። ሁለቱ ደብዳቤዎች ይለያያሉ።
2. ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ራሳችሁ ሙሉ። ደላላ አታስሞሉ። የተሳሳተ መልስ ቢገባ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ።
3. የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ወዲያው ያዙ። ወረፋው ወራት ሊፈጅ ይችላል።
4. ከመሥሪያ ቤታችሁ ሥራ ላይ መሆናችሁን፣ ፈቃድ እንደተሰጣችሁና የምትመለሱበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፉ። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይኑራችሁ።
5. ጥናታችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ። መስኮቱ ጋ ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው። ቆንስሉ የታሪክ ምሁር አይደለም። «በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረር ንግድን አጠናለሁ፤ ለአራት ቀን ጉባኤ ሄጄ እመለሳለሁ» ይበቃል።

ቪዛ እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዙ። ሆቴሉንም መሰረዝ የሚቻለውን ያዙ። የቪዛ ደንብ በአጭር ጊዜ ይለዋወጣል፤ አምና የሄደ ጓደኛ የነገራችሁን ሳይሆን የኤምባሲውን የዛሬ ማስታወቂያ አንብቡ።

ቪዛው ቢከለከል፦ በዚያው ቀን ለፓናሉ ሰብሳቢ ጻፉ። ጽሑፋችሁን ሌላ ሰው እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ዝም ብሎ መቅረት የፓናሉን ጓደኞች ይጎዳል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም በር ይዘጋል። ጽሑፋችሁ ተነቦ አስተያየት ከተሰጠበት ግማሹን ጥቅም አግኝታችኋል።

ደረጃ 3፦ ምዝገባና ገንዘብ

ቀድሞ ለሚመዘገብ፣ ለአባልና ለተማሪ ዋጋው ይቀንሳል። ከመመዝገባችሁ በፊት የአባልነቱን ክፍያና ቅናሹን ደምሩና አወዳድሩ፤ ብዙ ጊዜ አባል መሆን ያዋጣል።

ሆቴል ላይ የሚደናገጡ ብዙ ናቸው። ኒው ኦርሊንስ ላይ ጉባኤው የተካሄደባቸው ሸራተንና ማሪዮት ሁለቱም ካናል ጎዳና ላይ፣ ፊት ለፊት ናቸው። ለተሳታፊዎች የቅናሽ ዋጋ አለ። ነገር ግን የሚነገራችሁ ዋጋ ታክስ አልተጨመረበትም፤ ሲጨመር በደንብ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ስትገቡ ሆቴሉ ከካርዳችሁ ላይ መያዣ ገንዘብ ያግዳል። ካርዳችሁ ላይ ያለው ለክፍሉ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእራት ገንዘብ ታግዶ ይቀራል። ስለዚህ፦

- ጥሬ ዶላር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ካርድ የሌለውን ሰው ብዙ ሆቴሎች አያስተናግዱም።
- የባንክ የጉዞ ካርድ ከሆነ ውጭ አገር እንደሚሠራ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።
- ክፍል የሚጋራችሁ ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ። ክፍል መጋራት ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል። ጓደኛም ታፈራላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን መቁረጥ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አንድ ምዕራፍ ይዛችሁ አትሂዱ። የሚሰጣችሁ 15፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። በእጥፍ የመስመር ክፍተት የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ ጮክ ብሎ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። እንግዲህ 15 ደቂቃ ማለት ሰባት ገጽ ነው። አለቀ። ስምንተኛው ገጽ የሌላ ሰው ሰዓት ነው።

1. አንድ ክርክር ምረጡ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉትና የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስገቡት።
2. ክርክሩን የሚያሳይ አንድ ጠንካራ ሰነድ ወይም ክስተት ያዙ። አምስት አትደርድሩ።
3. አድማጩ ከኢትዮጵያ ታሪክ የሚያውቀው ጥቂት እንደሆነ አስቡ። ዓድዋን ሰምቶ ይሆናል፤ ራስ ጉግሳን አያውቅም። አስፈላጊ የሆኑትን ሰዎች ብቻ አስተዋውቁ፤ ከሦስት ስም አትለፉ።
4. ዘመኑን ሁሉ ቀይሩ። ዓድዋ በእኛ 1888፣ በእነሱ 1896 ነው። አንድ ቦታ በእኛ፣ ሌላ ቦታ በእነሱ ከጻፋችሁ አድማጩ ግራ ይጋባል፤ አስተያየት ሰጪውም «ስህተት» ብሎ ይይዛችኋል።
5. ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡ። በሐሳብ ማንበብ አይቆጠርም። ቆማችሁ አንብቡ። 14 ደቂቃ ላይ ካልጨረሳችሁ ቁረጡ።
6. የምትቆርጡትን ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። ሰብሳቢው «ሁለት ደቂቃ» የሚል ወረቀት ሲያሳያችሁ ወደ የትኛው አንቀጽ እንደምትዘሉ እወቁ። ያኔ መምረጥ አይቻልም፤ እጅም ድምፅም ይንቀጠቀጣል።
7. ለአስተያየት ሰጪው ከሦስት ሳምንት በፊት ላኩ። ይህ ሰው ጽሑፋችሁን በጥንቃቄ የሚያነብላችሁ ታላቅ ምሁር ሊሆን ይችላል። የዋዜማ ምሽት የላከ ሰው ያንን ዕድል ራሱ ጣለው።

ስላይድ ካላችሁ ካርታ አስቀድሙ። ከዚያ ቢበዛ አራት አምስት ምስል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ካለበት በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ላፕቶፑን፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱንና መቀየሪያውን ራሳችሁ ያዙ። የግድግዳው ሶኬት የእኛን መሰኪያ አይቀበልም፤ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ፕሮግራሙንና ሰዎችን መምረጥ (ከአንድ ወር በፊት)

በአንድ ሰዓት ውስጥ በርካታ ፓናሎች በተለያዩ ክፍሎች ይካሄዳሉ። ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ሰው ምንም አይሰማም።

በቀን ሁለት ፓናል ምረጡ፣ ሦስተኛውን ለድንገት ተዉት። አንዱ ከሙያችሁ ይሁን፤ ሌላው ከምታውቁት ውጭ። የሰዓቱን ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ በፕሮግራሙ ላይ 8፡30 የሚለው በእኛ ጠዋት 2፡30 ነው፤ ከቀትር በኋላ 1፡30 የሚለው ቀን 7፡30 ነው። ስልካችሁን በኒው ኦርሊንስ ሰዓት አድርጋችሁ ከእሱ ጋር ብቻ ሂዱ። በሁለት አቆጣጠር መሃል ስታሰሉ ፓናሉ ያልፋችኋል።

ከዚያ ልታገኟቸው የምትፈልጓቸውን አምስት ሰዎች ጻፉ። ለእያንዳንዳቸው አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ሥራቸውን እንዳነበባችሁ፣ አንድ ጥያቄ፣ «ለ20 ደቂቃ ቡና እንጠጣ?»። ይኸው ነው። ረጅም የሕይወት ታሪክ አታያይዙ። እኛ ታላቅን ሰው ማስቸገር ነውር መስሎ ይሰማናል፤ በዚህ ጉባኤ ግን መጻፍ የተለመደ ነው፤ የሚጠበቅም ነው። ሁለቱ እንኳ ቢመልሱላችሁ መንገዱ ተሳክቷል።

ደረጃ 6፦ መንገድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አትላንታ፣ ዋሽንግተን፣ ቺካጎና ኒውዋርክ ይበራል፤ ኒው ኦርሊንስ በቀጥታ አይደርስም። መጀመሪያ ባረፋችሁበት ከተማ ኢሚግሬሽን ታልፋላችሁ፣ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ ጉምሩክ ታልፋላችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያዙ።

- ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ የአገር ውስጡ አየር መንገድ ሻንጣውን ለብቻ ሊያስከፍል ይችላል። የመጀመሪያው ቢዘገይም ሁለተኛው አይጠብቃችሁም።
- ቋንጣ አትያዙ፤ ሥጋ ይወረሳል። በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ከያዛችሁ ለጉምሩክ አሳውቁ። መደበቅ ነው ቅጣት የሚያመጣው።
- ጽሑፉን፣ ላፕቶፑንና አንድ ሙሉ ልብስ በእጅ ሻንጣ ያዙ። የተጫነው ቢጠፋ ማቅረብ ትችላላችሁ።
- ከጉባኤው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የሰዓት ልዩነቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ደርሳችሁ በማግስቱ ጠዋት ማቅረብ ራስን መጉዳት ነው።

ከሉዊስ አርምስትሮንግ ኤርፖርት ወደ መሃል ከተማ ታክሲ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ለዓመታት 36 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ። 202 ቁጥር የኤርፖርት አውቶቡስ በጣም ርካሽ ነው፤ በቀን የሚመላለሰው ግን ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ሰዓቱን እዩ።

ደረጃ 7፦ ከተማዋ፣ ጾሙና ምግቡ

ጉባኤው ከገና ጾም ማብቂያ ጋር ይገጥማል። በ2022 ከጃንዋሪ 6 እስከ 9 ስለነበር ገና የዋለው በሁለተኛው ቀን ነው። የምትጾሙ ሰዎች ይህን በደንብ አንብቡ።

የኒው ኦርሊንስ ምግብ ዝነኛ ነው፤ የጾም መስሎ የጾም ያልሆነውም ብዙ ነው። ቀይ ባቄላ በሩዝ የሚባለው ሲታይ የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በአሳማ ሥጋ ነው። የሚቀቀለው ጎመንም እንደዚያው። ጋምቦ በሚባለው ሾርባና ጃምባላያ በሚባለው ሩዝ ውስጥ አንዱይ የተባለ የአሳማ ቋሊማ ይገባል። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ይህ ወሳኝ ነው። «ሥጋ አለው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አሳማ፣ ቋሊማ ወይም የሥጋ መረቅ ገብቶበታል?» በሉ። ቁርስ በበሶ ከያዛችሁ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

ጃንዋሪ 6 ደግሞ ለከተማዋ የካርኒቫል ወቅት መክፈቻ ነው። ምሽቱን በአሮጌው ሰፈር በፍሬንች ኳርተር የፈረንሳይዋ ጀግና የጆአን ኦፍ አርክ መታሰቢያ ሰልፍ ያልፋል። ለታሪክ ሰው ማየት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን መንገድ ይዘጋል፣ ታክሲ ይጠፋል። በዚያ ምሽት ቀጠሮ ካላችሁ በእግር የሚደረስበት ቦታ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- ቡርቦን ጎዳና ላይ አንድ ሰው ቀርቦ «ጫማህን የት እንዳገኘኸው ልንገርህ፤ እንወራረድ» ቢላችሁ አትቁሙ። መልሱ «እግርህ ላይ፣ ቡርቦን ጎዳና» ነው፤ ከዚያ ገንዘብ ይጠይቃል።
- ባጃችሁን ከሆቴል ስትወጡ አውልቁ። ስማችሁንና እንግዳ መሆናችሁን ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል።
- ሲመሽ ባዶ መንገድ ላይ ብቻችሁን አትሂዱ።
- ጃንዋሪ እዚያ ይዘንባል፣ እርጥበቱም አጥንት ድረስ ይሰማል። የሙቅ አገር ነው ብላችሁ ጃኬት አትተዉ።
- ምግብ ቤት ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጠበቃል፤ በጀታችሁ ላይ ደምሩት።

ደረጃ 8፦ የምታቀርቡበት ቀን

1. ክፍሉን በዋዜማው አይታችሁ ኑ።
2. በቀኑ ከ20 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ላፕቶፑን ሰክታችሁ ሞክሩ።
3. ለሰብሳቢው ስማችሁ እንዴት እንደሚጠራ ንገሩ። የቤተሰብ ስም እንደሌለን፣ «ዶክተር ከበደ» ቢል አባታችሁን እንደጠራ አስረዱ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትሰጡት ይደሰታል።
4. አንብቡ፣ ግን ቀና በሉ። በየአንቀጹ መጨረሻ አድማጩን እዩ።
5. አስተያየት ሲሰጥ ማስታወሻ ያዙ፤ አትከራከሩ። መልስ የምትሰጡበት ተራ ይመጣል።

ነገር ቢበላሽ፦

*ስላይዱ እምቢ ቢል።* ለመጠገን አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡት። ካልሆነ ያለ እሱ ጀምሩ። አምስት የታተመ ካርታ ይዛችሁ ከነበረ አድሉ።

*አዳራሹ ውስጥ ሰባት ሰው ብቻ ቢኖር።* የተለመደ ነው። የመጡት ግን ርዕሱን ፈልገው የመጡ ናቸው። ከፊት እንዲቀመጡ ጋብዟቸው፤ ስማቸውን ያዙ።

*አስተያየት ሰጪው ቢቀር።* ለሰብሳቢው «ለጥያቄ ተጨማሪ ጊዜ እናድርገው» በሉ። ከሌላው አቅራቢ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አዘጋጅታችሁ ከሄዳችሁ ውይይቱን ታስነሳላችሁ።

*መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ቢመጣ።* «ይህን በሰነዶቹ ውስጥ አላየሁም፤ ኢሜይልዎን ይስጡኝና እመለስበታለሁ» በሉ። ይህ መልስ ያስከብራል። ያልሆነ ነገር መፍጠር ግን በታሪክ ሙያ ይቅር የማይባል ጥፋት ነው።

ደረጃ 9፦ የመጻሕፍት አዳራሹ

የዩኒቨርሲቲ አሳታሚዎች አዘጋጆች እዚያ ይገኛሉ። መጽሐፍ የማሳተም ሐሳብ ካላችሁ ከአንድ ወር በፊት ጽፋችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይበቃል። ሙሉ ረቂቅ አታሸክሟቸው።

ለመግዛት የመጨረሻውን ቀን ጠብቁ፤ ብዙ አሳታሚዎች ይዘው ላለመመለስ ዋጋ ይቀንሳሉ። የሻንጣችሁን ኪሎ ግን አስቡ፤ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በፖስታ ቤቱ የመጻሕፍት ታሪፍ ርካሽ አድርጋችሁ ወደ ቤታችሁ መላክ ትችላላችሁ።

ደረጃ 10፦ አንድ ቀን ለማኅደር

እኔ የቻለ ሁሉ አንድ ቀን እንዲጨምር አጥብቄ እመክራለሁ። ከሆቴሉ በእግር የሚደረስ የዊሊያምስ የምርምር ማዕከል በ410 ቻርትረስ ጎዳና አለ፤ የከተማዋንና የአካባቢውን ሰነዶች ይዟል። ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የአሚስታድ የምርምር ማዕከል ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ትልቅ ማኅደር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ያሳዩትን ድጋፍ የምታጠኑ ካላችሁ ካታሎጉን ከቤታችሁ ሆናችሁ ፈትሹ። ወደ ቱሌን የሚወስደው የሴንት ቻርልስ ባቡር ከካናል ጎዳና ይነሳል፤ ዋጋው ከሁለት ዶላር በታች ነው። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

በሁለቱም ቦታ ሳትጽፉ አትሂዱ። የሚከፈቱባቸውን ቀናት ጠይቁ፣ የሚያስፈልጓችሁን ሳጥኖች ቁጥር ቀድማችሁ ላኩ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ አጣሩ። መታወቂያ ያዙ፤ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ።

ማኅደሩ ከተዘጋ ጃክሰን አደባባይ ላይ ወዳለው ካቢልዶ ሂዱ። ሉዊዚያና ከፈረንሳይ ወደ አሜሪካ በ1803 የተላለፈችበት ሕንጻ ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። መኪና ያለው ጓደኛ ካገኛችሁ ደግሞ ዊትኒ ፕላንቴሽን የሚባል የድሮ እርሻ ሙዚየም አለ፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደረሳል። የሚተርከው የባለቤቶቹን ሳይሆን በባርነት የተያዙትን ሰዎች ሕይወት ነው።

ደረጃ 11፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

1. በአንድ ሳምንት ውስጥ ላገኛችኋቸው ሁሉ ጻፉ። ያወራችሁትን አንድ ነገር ጥቀሱ። «እልካለሁ» ያላችሁት ጽሑፍ ካለ አያይዙ።
2. የአስተያየት ሰጪውን ሐሳብ ሳይቀዘቅዝ ወደ ጽሑፉ አስገቡ።
3. ደረሰኞቻችሁን ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው ፋይናንስ አስረክቡ። ቅጂ አስቀሩ። የታክሲዋን ጭምር።
4. የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ የሚዘጋው ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ካገኛችኋቸው ሰዎች መሃል ሁለቱን ለአዲስ ፓናል አሁኑኑ ጠይቁ።